ግፊት፦ ከድንበር መግፋት እስከ ደም ብዛት

ግፊት ከ"ገፋ" የወጣ ቃል ነው፣ አንድን ነገር የሚገፋ ኃይል ማለት ነው በአጭሩ። ፊዚክስ የተማረ ሰው "ጉልበት ሲካፈል ለስፋት" ብሎ ይገላገለዋል፣ መለኪያውም በፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ስም ፓስካል ይባላል። ሰው ግን ቃሉን የሚያውቀው ክላስ ከመግባቱ በፊት ነው።

ገፋ እራሱ ብዙ ስራ ያለበት ቃል ነው። ባትሪ የሞተበት መኪና በግፊ ይነሳል፣ ወተት ይገፋል ቅቤ እንዲወጣው፣ ሌሊቱ ገፋ ይባላል፣ ያረጀ ሰው እድሜው የገፋ ነው፣ ኑሮም ይገፋል በቃ እንደምንም። ሲወለድ አባቱ የሞተበትን ልጅ ደግሞ "ገፊ" የሚሉት አሉ፣ አባቱን ገፍቶ መጣ የሚል የድሮ እምነት ነው እንጂ ልጁ ምንም አላጠፋም።

ገጠር ግን በጣም ከባዱ ገፋ ድንበር መግፋት ነው። አንድ ሰው ሲያርስ በየዓመቱ አንድ ትልም ብቻ ወደ ጎረቤቱ ማሳ ይጨምራል፣ በአንድ ክረምት ማንም አያየውም፣ ከጊዜ በኋላ ግን የድንበሩ ድንጋይ የት እንደነበር ሽማግሌ ተጠርቶ ይጠየቃል፣ "ገፍቶ አረሰብኝ" ተብሎ ክስ ይመጣል፣ ዘመድ ከዘመድ የሚቆራረጥበትም ጉዳይ ነው። ግፍ የሚለው ቃልም ከዚሁ ቤት ነው፣ በግዕዝ ግፉዕ ማለት የተበደለ ነው፣ ብዙ ሲሆኑ ግፉዓን። እኔ እንደሚመስለኝ አማርኛ ላይ መግፋትና መበደል ብዙም ያልተራራቁት ለዚህ ነው፣ "ተገፋሁ" የሚል ሰው ማንም በእጁ ሳይነካው ሊሆን ይችላል።

ከተማ ስንመጣ ግፊት የውሃ ነገር ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ያለ ሰው "ውሃ አለ ግን ግፊት የለውም" ሲል ታች ያሉት ሲከፍቱ እሱ ጋ ይንጠባጠባል ማለቱ ነው፣ ስለዚህ ሰው ሁሉ ተኝቶ ቧንቧ ሲዘጋ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነስቶ ጀሪካን ይሞላል። ጎሚስታ ጋ ግን ግፊት የሚል የለም፣ እዛ "ንፋስ" ነው፣ "ንፋሱን 30 አድርገው" ትለዋለህ ይገባዋል።

ጤና ላይ ደግሞ ሶስት ስም አለ። ሃኪሙ የደም ግፊት ይላል፣ ሰፈር ደም ብዛት ይላል፣ ሌላው ፕሬዠር ይላል፣ ሁሉም አንድ በሽታ ነው። ደም ብዛት የሚለው ስም ትንሽ ያሳስታል ምክንያቱም ደም በዝቷል ማለት አይደለም፣ ደሙ የደም ስሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ከፍ አለ ነው ነገሩ። ሲለካ ሁለት ቁጥር የሚሰጠው ላይኛው ልብ ስትጨመቅ ያለው ስለሆነ ነው፣ ታችኛው ልብ ስታርፍ ያለው። 120 በ80 ጥሩ ይባላል፣ በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90ና ከዛ በላይ ከሆነ ግን ግፊት አለብህ ይባላል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት የለውም፣ ራሴን ካላመመኝ ደህና ነኝ ብሎ መድሃኒቱን የሚያቆም ሰው ስትሮክ ወይ የኩላሊት ችግር ሊመጣበት ይችላል።

ፖለቲካና ስራ ላይ ግፊትና ጫና ይቀላቀላሉ፣ ዜናም ላይ እንደፈለጉ ይቀያየራሉ። ለኔ ግን ልዩነት አላቸው። ጫና ከጫነ ነው የመጣው፣ አህያ ላይ እንደሚጫነው ከላይ ይከብዳል፣ ባለህበት ያጎብጥሃል፣ የስራ ጫና የኑሮ ጫና የምንለው ለዛ ነው። ግፊት ግን ወደሆነ ቦታ ይወስዳል፣ "በጓደኛ ግፊት ሲጋራ ጀመረ" እንላለን፣ "በጓደኛ ጫና" ብትልም ያስኬዳል ግን ያኔ ልጁ እምቢ እያለ ተጨቅጭቆ የገባበት ይመስላል። ገፋፋ ሲሆን ደግሞ ከጀርባ ያለው ሰው ይታሰባል፣ "ማን ገፋፍቶህ ነው?" ተብሎ የሚጠየቅ ልጅ ጥፋቱ ግማሹ ቀሎለታል።