«ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» እያላችሁ ለምትጽፉ

ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ፣ አንዲት ቡና ቤት ውስጥ ልብ ወለድ ከሚጽፉ የጎንደር ወጣቶች ጋር እቀመጣለሁ። እኔ ደራሲ አይደለሁም፤ የሕፃናት ሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ። እነሱ የጻፉትን ያነባሉ፣ እኔ አዳምጣለሁ። ባለፈው ወር ብቻ በሦስት ታሪክ ውስጥ አንድ ሕፃን አባቱን ቀበረ። በሦስቱም ልጁ አንድ ሌሊት አለቀሰ። ቀጥሎ «ከ20 ዓመት በኋላ» የሚል መስመር መጣ። በአንደኛው ደግሞ ልጁ እንባውን ጠርጎ «ከእንግዲህ የዚህ ቤት ምሰሶ እኔ ነኝ» ብሏል።

«ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» አልኩት ጸሐፊውን።

«አምስት፣ ስድስት ቢሆን ነው። ምን ለውጥ አለው?»

በጣም ብዙ ለውጥ አለው። ስለዚህ ነው ይህን የምጽፈው።

በታሪኮቻችሁ ውስጥ ደጋግሜ ከምሰማቸው አባባሎች መጀመሪያ ቀለል ያሉትን ላንሳ።

«ክፉ ነገር ያየ ልጅ አፉ ይዘጋል።» ዝም የሚሉ አሉ። ቤት እያወራ ትምህርት ቤት ሲደርስ ቃል የማይወጣው ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ ችግሩ ጭንቀት ነው። ከጀርባው የግድ አሰቃቂ ታሪክ የለም።

«አንድ ቀን የሚወዳት ሴት ታገኘውና ይድናል።» ፍቅር ይጠቅማል። በአንድ ምዕራፍ ግን አይሆንም።

«የተበደለ ልጅ አድጎ በዳይ ይሆናል።» ይህኛው ያሳስበኛል፤ ከመጽሐፍ ወጥቶ ሰፈር ውስጥ ይገባልና። እናት መጥታ «አባቱ ይደበድበው ነበር፤ እሱም እንደሱ መሆኑ ነው?» ብላ የጠየቀችኝ ስንት ጊዜ ነው! ካውፍማንና ዚግለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 የነበሩትን ጥናቶች መርምረው ነበር። በልጅነታቸው ከተበደሉ ሰዎች ውስጥ በደሉን በልጆቻቸው ላይ የሚደግሙት 30 በመቶ ያህል እንደሆኑ ገመቱ። 30 በመቶ ቀላል ቁጥር አይደለም። ግን ከአሥሩ ሰባቱ አይደግሙትም ማለት ነው። ስለ ሰባቱ ማን ይጻፍ?

ኤሚ ወርነር የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ደግሞ ካዋይ በምትባል የሃዋይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ለአሥርት ዓመታት ተከታተለች። በድህነትና በቤተሰብ ጠብ ውስጥ ብዙ መከራ ተደራርቦባቸው ካደጉት ውስጥ ሲሶ ያህሉ ደህና ሰው ሆነው ወጡ። ከረዷቸው ነገሮች አንዱ፣ ወላጅ ባይሆን እንኳ የማይለዋወጥ አንድ የሚወዳቸው ትልቅ ሰው መኖሩ ነበር። እናንተ ግን ልጁን ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን ታስቀምጡታላችሁ። የኛ ለቅሶ ቤት እንዲህ ነው እንዴ? አክስት አለች፣ አጎት አለ፣ ንፍሮ የምትቀቅል ጎረቤት አለች። ልጁ የማንን ቀሚስ ይዞ ነበር? እሷን ጻፏት።

አሁን ወደ ዋናው። «ልጅ ነው፣ ይረሳዋል።»

አይረሳም። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ያየውን አድጎ በቃል ላይተርከው ይችላል። ድንጋጤው ግን እንቅልፉ ላይ፣ ሆዱ ላይ፣ እናቱን ጨምድዶ በመያዙ ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1976 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቻውቺላ በምትባል ከተማ 26 ልጆች ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ተጠልፈው፣ መሬት ውስጥ በተቀበረ የጭነት መኪና ተሳቢ ውስጥ ተዘግተው ነበር። ሁሉም በሕይወት ወጡ። ሌኖር ቴር የተባለች የሥነ አእምሮ ሐኪም ከአራት ዓመት በኋላ ተመልሳ አየቻቸው። ጠባሳው ያልቀረበት አንድም ልጅ አላገኘችም። ያንኑ ጠለፋ እየደጋገሙ የሚጫወቱም ነበሩ።

ጨዋታውን ልብ በሉ። ልጅ ሐዘኑን አብዛኛውን በእጁ ነው የሚያወራው።

አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ አውቃለሁ። አባቷ በሞተ በሦስተኛው ሳምንት ግቢ ውስጥ ከጎረቤት ልጆች ጋር ዕቃ ዕቃ ትጫወታለች። በቆርኪ ቡና ተቀድቷል። እሷ የበቆሎ ቆረቆንዳ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ትጠቀልላለች። በሁለት እጇ ይዛ ቀስ ብላ ታስተኛዋለች። «አንቺ አልቅሺ፣ አንተ ደግሞ ድንኳን ትከል» ትላለች። አፈር ታለብሰዋለች። ጥቂት ቆይታ ታወጣዋለች። አፈሩን አራግፋ እንደገና ትጠቀልለዋለች።

አያቷ ከጓዳ ወጥተው አዩ። «ምን ሟርት ነው ይሄ!» ብለው በጥፊ አሏት፣ ቆረቆንዳውንም ወረወሩት። ጨዋታው ቆመ። በዚያው ሳምንት ልጅቱ ሌሊት አልጋ ላይ መሽናት ጀመረች።

አያቷ ክፉ ሰው አይደሉም። ልጃቸውን ቀብረው የመጡ እናት ናቸው። ግን ሟርት አልነበረም። ልጅቱ ያን ቀን የሆነውን ለመረዳት እየሠራች ነበር። እንዲህ ስታዩ አጠገቧ ቁጭ በሉ። «ከዚያስ ምን ሆነ?» በሏት። ጨዋታው ሳምንታት አልፎም እዚያው እየዞረ፣ ልጅቱን እያስጨነቃት ከሄደ ግን ባለሙያ ይያት።

ዕድሜ ለውጥ የሚያመጣው እንዲህ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ሞት መመለሻ እንደሌለው ገና አልገባውም። «አባትህ ሩቅ አገር ሄዷል» ካላችሁት ይጠብቃል። ባጃጅ በር ላይ ቆም ባለ ቁጥር የሚሮጥ ልጅ አይቻለሁ። ስለዚህ «ሞቷል» በሉት። «ሰውነቱ መሥራት አቆመ፣ አይመለስም» በሉት። ደጋግሞ ይጠይቃችኋል፤ ደጋግማችሁ መልሱለት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዝርዝሩን ይጠይቃል፣ ትምህርት ቤት ይደባደባል። አሥራ አራት ዓመት የሞላው ነው ምናልባት «ምሰሶው እኔ ነኝ» የሚለው፤ እሱም ከጓደኞቹ እየደበቀ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የአእምሮ ሕመም መለያ መመሪያው ስድስት ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች የትራውማን፣ ማለትም ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚቀረውን የሥነ ልቦና ጉዳት፣ ምልክት ለብቻው አስቀምጧል። ትልቁን ሰው የምንለካበት ለእነሱ ስለማይሆን ነው።

የሕፃናትን አስተሳሰብ ያጠናው የስዊዘርላንዱ ሊቅ ዣን ፒያዤ ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ስላለው ልጅ የጻፈው ደግሞ ለደራሲ ትልቅ ስጦታ ነው። በዚያ ዕድሜ ልጅ ዓለምን በራሱ ዙሪያ አድርጎ ነው የሚያየው። የተመኘው ነገር፣ የተናገረው ቃል ነገር የሚያደርግ ይመስለዋል። ታዲያ አንድ ክፉ ነገር ሲሆን ጥፋቱን ከራሱ ላይ ያገኘዋል። ለማንም አይናገርም።

ያቺ ልጅም ሁለት ወር አልተናገረችም። ከእኔ ጋር ሆና ቆረቆንዳውን ስትጠቀልል ነው ያወጣችው። አባቷ ሐኪም ቤት ሊሄድ ሲወጣ አብሬህ ልሂድ ብላ አልቅሳ ነበር። እምቢ አላት። «እንግዲያው አትመለስ!» አለችው። አልተመለሰም።

ሃያ ዓመት የዘለላችሁት ይህንን ነው።

«አባትሽን የገደለው የጉበት በሽታ ነው» አልኳት። «ቃል ሰው አይገድልም። የተቆጣ ልጅ ሁሉ እንዲህ ይናገራል።» ምንም አላለችም። ነጠላውን አጣጠፈች።

በሚቀጥለው ሳምንት መጣች፣ ገና ሳትቀመጥ ጠየቀችኝ።

«በጣም ጮክ ብዬ ከሆነስ?»

«በጣም ጮክ ብለሽም ቢሆን» አልኳት።