ሜሪ ሃስ፦ ከመጨረሻዎቹ ተናጋሪዎች ጋር የተሠራ ሥራ

ሜሪ ሃስ (1910–1996) የሰሜን አሜሪካን ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች በማጥናት ዕድሜዋን ያሳለፈች የሥነ ልሳን ምሁር ናት። በሙያው ዘንድ ስሟ በሁለት ነገር ይነሳል። አንደኛው፣ ከቱኒካ ቋንቋ የመጨረሻ ተናጋሪ ጋር ተቀምጣ ቋንቋውን ከሰዋስው እስከ መዝገበ ቃላት ጽፋ ማስቀረቷ ነው። ሌላው፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ይህንኑ ሥራ የሚሠራ አንድ ሙሉ ትውልድ ማሠልጠኗ ነው። ከሁለቱ ምረጥ ብባል ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፤ ሁለተኛው የተወለደው ከእሱ ነውና።

የተወለደችው ኢንዲያና ውስጥ በምትገኘው በሪችመንድ ከተማ ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። እዚያው በኧርላም ኮሌጅ ተምራ በ1930 ከጨረሰች በኋላ ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሄደች። በዚያ ዘመን ቺካጎ የሚያስተምረው የነባር ቋንቋዎች አጥኚው ኤድዋርድ ሰፒር ነበር። ሰፒር በ1931 ወደ የል ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር እሷም ተከትላው ሄደች። በዚያው ዓመት አብሯት የሚማረውን ሞሪስ ስዋዴሽን አገባች፤ ሁለቱም ወደ ካናዳ ተሻግረው በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የኒቲናት ቋንቋን አጠኑ። ትዳሩ በ1937 ፈረሰ።

የሰፒር መምህር ፍራንዝ ቦአስ ለዚህ ሙያ አንድ ወግ ትቶ ነበር፤ አንድን ቋንቋ አጠናሁ የሚል ሰው ሦስት ነገር ማስረከብ አለበት። ሰዋስው፣ ከተናጋሪዎች አፍ የተጻፉ ትረካዎች፣ መዝገበ ቃላት። ሲነገር ቀላል ይመስላል። ብዙዎች ግን አንዱን ጨርሰው ሁለቱን ለነገ እያሉ አልፈዋል። ሃስ በቱኒካ ሦስቱንም አስረክባለች፤ ሰዋስውን በ1940 አካባቢ፣ ትረካዎቹን በ1950፣ መዝገበ ቃላቱን በ1953።

ነገሩ የተጀመረው በ1933 ነው። ሃስ ገና የ23 ዓመት ተማሪ ሳለች ሉዊዚያና ውስጥ ወደምትገኘው ማርክስቪል ሄደች። በከተማዋ ዳር የቱኒካ ሰዎች ይኖራሉ፤ አንደበታቸው ግን ወደ ፈረንሳይኛና ወደ እንግሊዝኛ ከዞረ ቆይቷል። ቋንቋውን አቀላጥፈው የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ቀርተው ነበር፤ ቀድሞ የሕዝቡ አለቃ የነበሩት አዛውንቱ ሴሶስትሪ ዩሺጋንት። እሳቸውም ቢሆኑ ከ1915 ወዲህ በቱኒካ የሚያወጋቸው ሰው አላገኙም። ለ18 ዓመት ያህል የሚመልስለት ሰው ያጣ ቋንቋ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ብቻ ተቀምጦ ቆይቷል ማለት ነው። ከሃስ በፊት በ1886 አልበርት ጋቼት፣ ከእሱም በኋላ ጆን ስዋንተን የተባሉ አጥኚዎች፣ ዊልያም ኢላይ ጆንሰን ከሚባሉ ሌላ ተናጋሪ ብዙ ጽፈው ነበር፤ ድምፆቹን አጥርቶ የለየና ቋንቋውን በሙሉ አካሉ ያሳየ ሥራ ግን የእሷ ነው።

የዚያን ጊዜ የመስክ ሥራ ዋና መሣሪያው እርሳስና ደብተር ነው። አጥኚው ቃል ይጠይቃል፣ ተናጋሪው ይላል፣ አጥኚው የሰማውን በድምፅ ምልክቶች ይጽፋል፤ ከዚያ መልሶ ያነብለታል። ተናጋሪው ፊቱን ካጨማደደ የሆነ ድምፅ ስቷል። ቃላቱ ከተጠራቀሙ በኋላ ወደ ተረቱ ይገባሉ፤ ተራኪው እጅ በሚደርስበት ፍጥነት፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እየቆመ ይናገራል። ማታ ደግሞ እያንዳንዱ ቃል በትናንሽ ካርዶች ይገለበጥና በፊደል ተራ ሣጥን ውስጥ ይደረደራል። አሰልቺ ነው። ግን አንድ ቃል ከአሥር የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ወጥቶ አንድ ካርድ ላይ ሲገናኝ ትርጉሙ የሚገለጠው እዚያ ነው።

ቱኒካ ዘመድ ያልተገኘለት ቋንቋ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን አንድ ቦታ ላይ እንግዳ አይሆንም። እንግሊዝኛ «አንተ»ንና «አንቺ»ን በአንድ ቃል ይጨፈልቃል፤ ቱኒካ እንደ እኛ ይለያል፤ ለወንድ «ማ»፣ ለሴት «ሄማ»። እንዲያውም ይብሳል፤ እኛ «እናንተ» ስንል ወንድና ሴት መለየት እናቆማለን፣ ቱኒካ እዚያም ይለያል። ስሞቹ ላይ ከአንድና ከብዙ ሌላ ለሁለት ብቻ የሚሆን ቁጥር አለው። አንድ ነገር «አለ» ለማለትም ተናጋሪው ተቀምጧል፣ ቆሟል ወይስ ተጋድሟል ብሎ መምረጥ አለበት። ዝም ብሎ «አለ» የለም። እንዲህ ያለውን ነገር ከቃላት ዝርዝር ማግኘት አይቻልም፤ ሃስ ያገኘችው አዛውንቱ የነገሯትን ረጃጅም ትረካ ደጋግማ በማገላበጥ ነው።

የዶክትሬት ጽሑፏን በ1935 በዚሁ በቱኒካ ላይ አቀረበች። በእነዚያው ዓመታት ኦክላሆማ ወርዳ ዋት ሳምና ናንሲ ሬቨን ከሚባሉት የናቼዝ የመጨረሻ ተናጋሪዎች ጋር ሠራች፤ ከዚያም ክሪክን (ማስኮጊ)፣ ኮአሳቲን፣ ሂቺቲንና ሌሎች የደቡብ ምሥራቅ ቋንቋዎችን ያዘች። ጊዜው የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው፤ ዲግሪ ይዛ ቋሚ የማስተማር ሥራ አላገኘችም፣ ከአንዱ ትንሽ የምርምር ገንዘብ ወደ ሌላው እየተሸጋገረች ኖረች። በእኔ ግምት ያ ችግር ባይኖር ኖሮ ኦክላሆማ ውስጥ ያን ያህል ባልቆየች ነበር፤ የክሪክ ደብተሮቿም ያን ያህል ባልወፈሩ ነበር።

ከኮአሳቲ ያመጣችው ነገር በሥነ ልሳን ክፍሎች እስካሁን ይጠቀሳል። በ1944 ባሳተመችው አጭር ጽሑፍ እንዳሳየችው፣ በዚህ ቋንቋ ወንድና ሴት አንዳንድ ግሶችን በአንድ ዓይነት አይጨርሱም። «ያነሳዋል» ለማለት ሴቷ «ላካው» ስትል ወንዱ «ላካውስ» ይላል። ይህ ስለማን እንደሚወራ ወይም ለማን እንደሚወራ አይመለከትም፤ የሚናገረው ማን ነው የሚለውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ወላጆች ሁለቱንም አነጋገር ያውቃሉ፤ እናት ወንድ ልጇን፣ አባትም ሴት ልጁን ያርማሉ። ተረት የሚናገር ሰውም ባለታሪኩ ሴት ከሆነች በሴት፣ ወንድ ከሆነ በወንድ አነጋገር ይናገራል። ሃስ በደረሰችበት ጊዜ የሴቶቹ አነጋገር ከጎልማሶችና ከአሮጊቶች በስተቀር እየተረሳ ነበር። ሌላው የምወድላት ጽሑፍ የ1951ዱ ነው። ክሪኮች እንግሊዝኛ ተናጋሪ ባለበት የማይደፍሯቸው፣ በራሳቸው ቋንቋ ግን ምንም ነውር የሌለባቸው ቃላት አሉ፤ አፈር የሚለው ቃል አንዱ ነው። ምክንያቱ ድምፁ ከእንግሊዝኛ የነውር ቃል ጋር መመሳሰሉ ነው። አሜሪካ የሚማሩ የታይላንድ ተማሪዎችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። በባዕድ አገር በአውቶቡስ ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ የአገሩን ቃል የዋጠ ሰው ይህን ጽሑፍ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የታይላንዶቹ ነገር ድንገት የመጣ አይደለም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የአሜሪካ መንግሥት የእስያ ቋንቋ የሚያስተምሩ ሰዎች አስፈለጉት፤ ሃስም በነባር ቋንቋዎች የተማረችውን ዘዴ ይዛ ታይኛን ተማረች፣ በርክሌይ በሚገኘው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለወታደሮች አስተማረች። ቋሚ ሥራ ያገኘችው በዚህ በኩል ነው። በ1964 የታተመው የታይኛ–እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቷ ብዙ ዘመን አገልግሏል። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

በ1953 በርክሌይ ውስጥ ሙሬይ ኤመኖ ከተባለው የሥነ ልሳን ምሁር ጋር ሆና የካሊፎርኒያ ነባር ቋንቋዎች ጥናት የሚካሄድበትን ማዕከል አቋቋመች። አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ80 እስከ 100 የሚገመቱ ቋንቋዎች ይነገሩ ነበር፤ በ1950ዎቹ ብዙዎቹ በጥቂት አዛውንቶች ላይ ቀርተዋል። ማዕከሉ ለተማሪው የጉዞና የተናጋሪ ክፍያ ገንዘብ፣ ቴፕ ሪከርደርና አንድ ቋንቋ ይሰጠዋል፤ ተማሪው በበጋ ወደ መስክ ይወጣል። ዊልያም ብራይት ካሩክን፣ ዊልያም ሺፕሊ ማይዱን፣ ካትሪን ካላሃን ሌክ ሚዎክን፣ ሮበርት ኦስዋልት ካሻያን፣ ካርል ቲተር ዊዮትን ያዙ። ቲተር አብሯቸው የሠራው ዴላ ፕሪንስ የዊዮት የመጨረሻዋ ተናጋሪ ነበሩ፤ በ1962 አረፉ። ጥቂት ዓመት ዘግይቶ ቢሄድ የሚጠይቀው ሰው ባላገኘ ነበር። ሃስ ብቻዋን ያሠለጠነቻቸው የዘርፉ ሰዎች ቦአስና ሰፒር አንድ ላይ ካሠለጠኗቸው ይበልጣሉ ብሎ የመሰከረላትም ይኸው ተማሪዋ ነው። በ1963 የአሜሪካ ሥነ ልሳን ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነች፤ ከማስተማር የወጣችው በ1977 ነው።

በቋንቋዎች ዝምድና ላይ የሠራችው ሥራ ሁሉ አልያዘላትም። ቱኒካን፣ ናቼዝን፣ አታካፓን፣ ቺቲማቻንና ክሪክ የሚገኝበትን የማስኮጊ ቤተሰብ በአንድ የዘር ግንድ ሥር ለማምጣት ያቀረበችው ሐሳብ ዛሬ ብዙ ተቀባይ የለውም። በሌላው ግን ረትታለች። ሰፒር በ1913 የካሊፎርኒያ ዳርቻዎቹ ዊዮትና ዩሮክ ከአልጎንኪያን ቤተሰብ ጋር ይዛመዳሉ ሲል፣ የዘርፉ አዋቂ ትሩማን ሚኬልሰን አጥብቆ ተቃውሞት ነበር፤ ክርክሩም ሰፒር በ1939 ሲሞት አልተቋጨም። ሃስ በ1958 የድምፅ መመሳሰሎችን ሥርዓት ዘርዝራ ዝምድናውን አሳየችና ክርክሩ አበቃ። በፓስፊክ ዳር የሚነገር ቋንቋ ከአልጎንኪያኖቹ ከክሪ እና ከኦጂብዌ ጋር ሥጋ ዘመድ ሆኖ ተገኘ።

የቱኒካ ሰዎች ከቢሎክሲዎች ጋር በአንድነት በ1981 በፌደራሉ መንግሥት ዕውቅና አገኙ። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ከቱሌን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ሉህቺ ዮሮኒን፣ ማለትም የቱኒካን ቋንቋ፣ ለልጆቻቸው መልሰው ማስተማር ጀመሩ። ዋናው ምንጫቸው ዩሺጋንት ለሃስ የነገሯት ነው። ሥራው ቀላል አይደለም፤ መጻሕፍቱ ለምሁራን ተብለው የተጻፉ ናቸው፣ በምልክት የታጨቁ። የሚያስተምሩት ሰዎች መጀመሪያ ራሳቸው ያንን ተምረው፣ ሰዋስውን ፈትተው፣ ልጅ ሊያነበው በሚችል ፊደል አዘጋጁት። በርክሌይም ከ1990ዎቹ ጀምሮ የካሊፎርኒያ ነባር ሕዝቦች ተወላጆች ወደ መዛግብቱ እየመጡ የአያቶቻቸውን ቃል ከተማሪዎቿ ደብተሮች ውስጥ ይፈልጋሉ።

የክሪክ ጽሑፎቿን ግን በሕይወት ሳለች አላሳተመቻቸውም። ከዩፋላ፣ ኦክላሆማ፣ ጄምስ ሂል የሚባሉ ክሪክ በቋንቋቸው እየጻፉ ይሰጧት ነበር፤ ገጾቹ ከሌሎች ወረቀቶቿ ጋር በደብተርነት ቆዩ። በኋላ ቋንቋው አፍ መፍቻቸው የሆነ ማርጋሬት ማክኬን ሞልዲንና ሁዋኒታ ማክገርት የተባሉ እህትማማቾች ከሥነ ልሳን ባለሙያው ከጃክ ማርቲን ጋር ሆነው ቃል በቃል አነበቧቸው፣ ተረጎሟቸውም። በ2015 ሲታተሙ በደራሲነት የሰፈሩት ሁለት ስሞች ናቸው፤ ሜሪ ሃስ እና ጄምስ ሂል።