«ወተቴ አይበቃም»፦ የጣሳ ወተት ግብይት ስውር መንገድ

የሕፃናት ዱቄት ወተት፣ በተለምዶ የጣሳ ወተት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከላም ወተት የሚዘጋጅ የጡት ወተት ተተኪ ነው። እናቱ ለሞተችበት፣ ወይም በሕመም ምክንያት ጡት እንዳይጠባ ለታዘዘ ሕፃን ሕይወት ያተርፋል፤ መሸጡን የሚከለክል ዓለም አቀፍ ደንብም የለም። ደንብ ያስፈለገው ለሚሸጥበት መንገድ ነው። ገዢው እየተገፋ መሆኑን ሳያውቅ የሚገፋበት የማስታወቂያ ዘዴ በዚህ ንግድ ያህል በዝርዝር የተመዘገበበት ዘርፍ ጥቂት ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ መናገር የማይችል ሕፃን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ከአዋጅ ቁጥር በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥርጣሬው እንዴት እውነት ይሆናል

የጡት ወተት የሚመረተው በተጠባው ልክ ነው። ሕፃኑ ባጎደለ ቁጥር ሰውነት ይተካል፤ ጡት ሞልቶ ሲቆይ ምርቱ ይቀንሳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት የሚወጣው እንገር ወፍራምና ቢጫማ ሲሆን በአንድ ጊዜ የሚገኘው በሻይ ማንኪያ የሚለካ ነው። ለአራስ ልጅ ሆድ ይበቃል፤ ለእናቲቱ ዓይን ግን ምንም አይመስልም። ሻጩ የሚገባው በዚህች ክፍተት ነው።

በማዋለጃ ክፍል አንድ ጣሳ በነፃ ይሰጣታል። ሕፃኑ በጡጦ ጠጥቶ ይተኛል፤ ሳይጠባ ባደረ ቁጥር ጡቱ ምርቱን ይቀንሳል። «ወተቴ አይበቃም» የሚለው ፍርሃት በጥቂት ቀናት ውስጥ እውነት ይሆናል። የነፃው ጣሳ ሲያልቅ ሁለተኛውን በገንዘቧ ትገዛለች። ሌላ ዕቃ ለቅምሻ በነፃ ቢሰጥ ገዢው አልፈልግም ብሎ ወደ ነበረበት መመለስ ይችላል። እዚህ ግን ቅምሻው የቀድሞውን ምንጭ ራሱን ያደርቃል፤ መልሶ ማምጣት ቢቻልም ትዕግሥትና የሠለጠነ ሰው ድጋፍ ይጠይቃል።

ወተት መብቃት አለመብቃቱ በልቅሶ አይለካም። የጤናማ ሕፃን ልቅሶ በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ጣሪያ ይነካና በራሱ ይቀንሳል። የሚታመኑት ምልክቶች ሽንትና ክብደት ናቸው፦ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በ24 ሰዓት ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ መሽናት፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የቀነሰውን ክብደት በሁለት ሳምንት ገደማ መመለስ፣ ከዚያም ያለማቋረጥ መጨመር።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የሒሳብ ጉዳይ ነው። አምስት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በቀን ወደ 750 ሚሊ ሊትር ይጠጣል። ለ100 ሚሊ ሊትር 13 ግራም ያህል ዱቄት ስለሚገባ በቀን 100 ግራም ገደማ ይጠፋል፤ 400 ግራም የሚይዝ ጣሳ በአራት ቀን ባዶ ይሆናል። ለስድስት ወር ከ40 ጣሳ በላይ ያስፈልጋል። ገንዘብ ያጠራት እናት ዱቄቱን ታቀጥናለች። ግማሹን ብትቀንስ በ100 ሚሊ ሊትር 67 ኪሎ ካሎሪ ይሰጥ የነበረው ወተት ወደ 33 ይወርዳል። የሕፃኑ ሆድ በውሃ ስለሚሞላ ዝም ይላል፤ ቤተሰቡም ጠገበ ብሎ ያምናል። ክሳቱ የሚታየው ቆይቶ ነው።

ንጽሕናው ሌላ ፈተና ነው። ዱቄቱ ከፋብሪካ ሲወጣ እንኳ ከጀርም ፍጹም የጸዳ አይደለም፤ ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ዱቄቱ ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ ባላነሰ የፈላ ውሃ እንዲበጠበጥ፣ ለሕፃኑ በሚመች ሙቀት እስኪበርድ ተጠብቆ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ፣ ሕፃኑ ያስተረፈው እንዲደፋ ያዛል። ማገዶ በተወደደበት፣ ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ይህን በቀን ሰባትና ስምንት ጊዜ መፈጸም ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በኢንዶኔዥያ ዮግያካርታ ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በእርዳታ የጣሳ ወተት በደረሳቸው ቤቶች የሕፃናት ተቅማጥ ካልደረሳቸው ቤቶች በእጥፍ በልጦ ተገኝቷል።

ነጭ ልብስ የለበሱ ሻጮች

የሕፃናት ሐኪሟ ሲስሊ ዊሊያምስ ተገቢ ያልሆነ የሕፃናት አመጋገብ ቅስቀሳ ከግድያ እንደሚቆጠር በሲንጋፖር የተናገረችው በ1939 ነበር። ኩባንያዎች በእስያ፣ በአፍሪካና በላቲን አሜሪካ ሴቶችን የነርስ ልብስ አልብሰው ወደ ማዋለጃ ክፍልና ወደ አራሶች ቤት ይልኩ ነበር። አንዳንዶቹ በእርግጥም የተማሩ ነርሶች ነበሩ። እናቲቱ የምታየው ስለ ልጇ የሚጨነቅ ባለሙያ እንጂ ሻጭ አልነበረም፤ የዘዴው ኃይልም እዚህ ላይ ነበር።

በ1974 ዋር ኦን ዋንት የተባለው የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅት ድርጊቱን የሚያጋልጥ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በስዊዘርላንድ በርን የሚገኝ ቡድን «ኔስሌ ሕፃናትን ይገድላል» በሚል ርዕስ በጀርመንኛ ሲያወጣው፣ የጣሳ ወተት አምራች የሆነው የስዊዘርላንድ ኩባንያ ኔስሌ በስም ማጥፋት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ1976 አሳታሚዎቹን በርዕሱ ምክንያት ጥፋተኛ ብሎ እያንዳንዳቸውን 300 ፍራንክ ቀጣ፤ ዳኛው ግን ኩባንያው የማስታወቂያ አሠራሩን ከመሠረቱ እንዲመረምር አሳሰቡ። በ1977 በአሜሪካ የኔስሌን ምርቶች ያለመግዛት ዘመቻ ተጀመረ፤ በ1978 ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ የመሩት የሴኔት ምርመራ ተካሄደ።

ግንቦት 21 ቀን 1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የጡት ወተት ተተኪዎች ግብይት ዓለም አቀፍ ደንብን በ118 ድምፅ አጸደቀ፤ ሦስት አገሮች ድምፀ ተአቅቦ ሲያደርጉ የተቃወመችው አሜሪካ ብቻ ነበረች። ደንቡ ለሕዝብ ማስታወቅን፣ ለእናቶች ቅምሻና ስጦታ መስጠትን፣ ሻጮች ነፍሰ ጡሮችንና እናቶችን በቀጥታ ማግኘታቸውን፣ የሻጭን ጉርሻ በሸጠው መጠን መክፈልን ይከለክላል። በጣሳው ላይ የሕፃን ሥዕል እንዳይኖር፣ መመሪያውም ገዢው በሚረዳው ቋንቋ እንዲጻፍ ያዛል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኛ ቀላል አይደለም። ዘመድ ከጅዳ ወይም ከዱባይ በሻንጣ ያመጣው ጣሳ በዓረብኛ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። የማንኪያው ልክም ይለያያል፤ አንዱ ጣሳ አንድ ማንኪያ ለ30 ሚሊ ሊትር ሲል፣ በአሜሪካ የሚሸጡ ብዙዎቹ ለ60 ይላሉ። የአንዱን ጣሳ ማንኪያ ለሌላው መጠቀም ወተቱን ያቀጥናል ወይም ያወፍራል፤ የወፈረውም የሕፃኑን ኩላሊት ያስጨንቃል።

ዛሬ የት ተደብቋል

ደንቡ የአገር ሕግ ካልሆነ አያስቀጣም። በ2022 ከ194 አገሮች 144ቱ ከደንቡ የወሰዱት ሕግ ቢኖራቸውም፣ በአብዛኛው ከደንቡ ጋር የተጣጣመ ሕግ የነበራቸው 32 ብቻ ነበሩ። ኩባንያዎቹም በቀረው ክፍተት መጓዝን ተምረዋል።

የመጀመሪያው ዘዴ ቁጥር ነው። ከልደት ጀምሮ የሚሰጠው «1»፣ ከስድስት ወር በኋላ የሚሰጠው «2»፣ ከአንድ ዓመት በላይ ላለው «3» ይባላል፤ ቀለሙ፣ አርማውና ስሙ አንድ ነው። «1»ን ማስታወቅ በተከለከለበት አገር «3» በቴሌቪዥን ይታያል፤ እናቲቱ ግን የምታስታውሰው ጣሳውን ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ጤናማ ልጅ ለዚህ ወተት የተለየ ፍላጎት የለውም። በእኔ ግምት «3» የተፈጠረበት ዋነኛ ጥቅም «1»ን ማስተዋወቅ ነው፤ የ2016ቱ የጤና ጉባኤ መመሪያም እስከ 36 ወር ድረስ የሚሸጡትን ወተቶች የደንቡ አካል አድርጎ መቁጠሩ ትክክል ነበር።

ሁለተኛው ጤነኛውን ልጅ በሽተኛ ማስመሰል ነው። ማስመለስ፣ ጋዝ፣ ሌሊት መንቃትና ማልቀስ የአራስነት ወግ ሲሆኑ፣ ለእያንዳንዳቸው «ምቹ» ወይም «ለስላሳ» የሚባል ጣሳ ተዘጋጅቷል። ልቅሶው ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ በራሱ ሲቀንስ ምስጋናው ለአዲሱ ወተት ይሆናል። በተመሳሳይ መንገድ ዲኤችኤ የተባለው ቅባት «ለአእምሮ እድገት» እየተባለ ይጻፋል፤ በጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ግን አብዛኞቹ ይህን ጥቅም አላሳዩም።

ሦስተኛው ስልክ ነው። የእርግዝና ሳምንት የሚቆጥር መተግበሪያ፣ ሌሊት የሚመልስ የምክር መስመር፣ የእናቶች «ክበብ»፣ ተከፍሎት የሚያወራ የማኅበራዊ ሚዲያ ታዋቂ ሰው፤ በአንዳቸውም ላይ «ማስታወቂያ» የሚል ጽሑፍ ላይኖር ይችላል። የመውለጃ ቀኗን ያስመዘገበች ሴት መልእክቱ የሚደርሳት በደከመችበት ሰሞን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በስምንት አገሮች 8,500 ወላጆችንና ነፍሰ ጡሮችን፣ 300 የጤና ባለሙያዎችንም ጠይቀው በ2022 ባወጡት ዘገባ፣ ከተጠየቁት ወላጆችና ነፍሰ ጡሮች 51 በመቶው ለጣሳ ወተት ግብይት መጋለጣቸውን ተናግረዋል።

የባለሙያውም ነገር አልተዘጋም። የዛሬው ሻጭ ነጭ ልብስ አይለብስም፤ ለለበሰው ሰው የስብሰባ ወጪ ይከፍላል፣ የግድግዳ ሰዓትና የክብደት መከታተያ ካርድ ያድላል። በአሜሪካ የሚወልዱ ኢትዮጵያውያት የሚያውቁት ዊክ የተባለው፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው እናቶችና ልጆች ምግብ የሚያቀርብ የመንግሥት ፕሮግራም በአገሪቱ ከሚሸጠው የሕፃናት ወተት ግማሽ ያህሉን የሚሸፍን ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ትልቅ ቅናሽ ከሰጠው አንድ ኩባንያ ጋር ይዋዋላል። ኩባንያው በዊክ ሽያጭ የሚያገኘው ትርፍ ጥቂት ቢሆንም የመደብር መደርደሪያውን ይይዛል፤ ከፕሮግራሙ ውጭ ያሉ እናቶችም ያንኑ ስም ያነሳሉ።

በኢትዮጵያ

በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 58 በመቶው የጡት ወተት ብቻ እንደሚመገቡ አሳይቷል። በከተማ ለጣሳው ሰፊውን በር የሚከፍተው የሥራ ፈቃድ ነው፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል፤ የሚመከረው ጡት ብቻ የማጥባት ጊዜ ግን ስድስት ወር ነው። በመካከሉ ሦስት ወር ይቀራል፤ «ለሥራ እናቶች» የሚለው መልእክትም የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

ይህን ጊዜ ያለ ጣሳ ማለፍ ይቻላል። እናቲቱ ሥራ ከመግባቷ አንድ ሁለት ሳምንት ቀድማ ማለብ ትለማመዳለች፤ ሥራ ላይም ሕፃኑ በሚጠባበት ልክ፣ በየሦስት ሰዓቱ ገደማ፣ እጇን ታጥባ በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ታልባለች። የታለበው ወተት እስከ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል አራት ሰዓት፣ በፍሪጅ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ሲሰጥ ዕቃው በሞቀ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይሞቃል፤ እሳት ላይ አይጣድም። ከጡጦ ይልቅ በትንሽ ሲኒ ማጠጣት ለማጠብም ይቀላል፣ ሕፃኑንም ከጡት አያለያየውም። ማታና ሌሊት ቤት ስትሆን በቀጥታ ታጠባለች፤ ቀን የቀነሰው ምርት የሚመለሰው በእነዚያ ሰዓታት ነው።