ዌዘራይዜሽን ምንድን ነው? ከአዲስ ሂተር በፊት የሚቀድመው ሥራ

ሚኒሶታ፣ ኮሎራዶ ወይም ሜሪላንድ የሚኖር ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ቴርሞስታቱ 72 ዲግሪ ፋራናይት ይላል። ሂተሩ ሲሠራ ይሰማል። እግር ግን ይቀዘቅዛል። ሳሎን ቁጭ ያሉት ጋቢ ይደርባሉ፣ ፎቅ ላይ ያሉት ልጆች ደግሞ ሞቀን ብለው መስኮት ይከፍታሉ። ወሩ ሲያልቅ የጋዙ ቢል ይመጣል። ያኔ አብዛኛው ሰው ወይ ሂተሩ አርጅቷል ይላል፣ ወይ መስኮቶቹ ይቀየሩ ይላል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ዌዘራይዜሽን ማለት የቆየ ቤትን ሳያፈርሱ፣ ያሞቁት አየር እንዳያመልጥ፣ የውጭው ብርድና ሙቀትም እንዳይገባ አድርጎ ማሻሻል ነው። መጀመሪያ አየር የሚያስገቡና የሚያስወጡ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ቀጥሎ ኢንሱሌሽን፣ ማለትም ሙቀት እንዳያልፍ የሚከላከል ወፍራም ሽፋን፣ ይጨመራል። የማሞቂያው መሣሪያ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የሚያዛባ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። አሜሪካ ውስጥ አንድ ቤት ከሚፈጀው ኃይል ግማሽ ያህሉ የሚሄደው ለማሞቅና ለማቀዝቀዝ ስለሆነ፣ የሚባክነውም ትንሽ አይደለም።

አየሩ በየት ነው የሚያመልጠው? ሞቃት አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። ከጣሪያው ሥር፣ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ አቲክ ይባላል። ኮርኒሱ ላይ ቀዳዳ ካለ ሞቃቱ አየር ወደ አቲክ፣ ከዚያም ወደ ውጭ ይሄዳል። የወጣውን ያህል አየር ደግሞ ከታች መግባቱ አይቀርም። በቤዝመንቱ ስንጥቅ፣ በበሩ ሥር፣ ወለሉ ከመሠረቱ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ብርዱ ይሳባል። ላይ ያሉት ሞቋቸው ታች ያሉት የሚበርዳቸው በዚህ ምክንያት ነው። ሂተሩን ከፍ ባደረጋችሁት ቁጥር ወደ ላይ የሚወጣውም፣ ከታች የሚሳበውም አየር ይጨምራል። መስኮቶቹ ያሉት የቤቱ መሀል ላይ ነው። ትልቁ ፍሰት ግን ከላይና ከታች ነው።

ቀዳዳዎቹ ደግሞ በዓይን አይታዩም። ኮርኒስ ውስጥ የተቀበሩ መብራቶች ዙሪያ፣ ቧንቧና ሽቦ ወደ አቲክ የሚያልፉበት፣ የሂተሩ የጭስ ማውጫ የሚወጣበት ክፍተት፣ የአቲኩ መግቢያ ክዳን ላይ ናቸው። ክዳኑ ብዙ ቤት ውስጥ ቀጭን ጣውላ ብቻ ነው። ዳሩ ላይ ማሸጊያ የለውም፣ ላዩም ባዶ ነው።

ይህ ነገር በደንብ የታወቀው በ1970ዎቹ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1973 ዓረብ አገሮች ለአሜሪካ ነዳጅ መሸጥ ሲያቆሙ ማሞቂያ የሁሉም ሰው ጭንቀት ሆነ። በዚያ ዘመን የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኒው ጀርዚ ውስጥ ትዊን ሪቨርስ በሚባል ሰፈር ተጠጋግተው የተሠሩ ቤቶችን ማጥናት ጀመሩ። ቤቶቹ አቲካቸው ላይ ኢንሱሌሽን ነበራቸው። በአቲኩ በኩል የሚጠፋው ሙቀት ግን በስሌት ከተጠበቀው በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ሲፈትሹ ምክንያቱን አገኙት። በሁለት ጎረቤት ቤቶች መካከል ያለው ግድግዳ ውስጡ ክፍት ነበር፣ የጭስ ማውጫው ዙሪያም እንዲሁ። ሞቃቱ አየር ኢንሱሌሽኑን ሳይነካ፣ በጎኑ አልፎ አቲክ ውስጥ ይገባ ነበር። ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ግኝት ነው። ከዚያ በፊት ሰው ሁሉ ስለ ኢንሱሌሽን ውፍረት ነበር የሚያወራው።

ዛሬ ቀዳዳ የሚፈለገው በግምት አይደለም። ብሎወር ዶር የሚባል መሣሪያ አለ። ባለሙያው የፊት በራችሁን ይከፍትና ክፍተቱን በጨርቅ ሸፍኖ ትልቅ ፋን ይገጥምበታል። ሌላው በርና መስኮት ሁሉ ይዘጋል። ፋኑ አየሩን ወደ ውጭ ሲስብ በቤቱ ውስጥና በውጭ መካከል የ50 ፓስካል የግፊት ልዩነት ይፈጠራል። ያኔ የውጭው አየር በየቀዳዳው እየተሳበ ይገባል። ሶኬቱ አጠገብ እጃችሁን ብታደርጉ ይነፍስባችኋል። ባለሙያው ትንሽ ጭስ ይዞ እየዞረ ጭሱ የሚሸሽበትን ቦታ ሁሉ ምልክት ያደርጋል። መሣሪያው በዚያ ግፊት የቤቱ አየር በሰዓት ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ እንደሚቀየር ቁጥር ይሰጣል። በ2012 የወጣው የአሜሪካ ሞዴል የግንባታ ኮድ ቀዝቃዛ አካባቢ ለሚሠሩ አዳዲስ ቤቶች የፈቀደው ከ3 ጊዜ ያልበለጠ ነው። የቆዩ ቤቶች 10 እና ከዚያ በላይ ማሳየታቸው የተለመደ ነው። ፈተናው ሲደረግ እቤት ሁኑና አብራችሁ ዙሩ። የቤታችሁን ቀዳዳ በገዛ እጃችሁ ስትነኩት የትኛው ሥራ እንደሚቀድም ማንም ሳይነግራችሁ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

መድፈኑ ራሱ ብዙ ዋጋ የለውም። ጠባቡ ስንጥቅ ኮክ (caulk) በሚባል ማሸጊያ ቅባት፣ ሰፋ ያለው በሚነፋ ፎም፣ ከዚያ የሚበልጠው በፎም ሰሌዳ ይዘጋል። የጭስ ማውጫው ዙሪያ ግን ልዩ ነው። እዚያ ተራ ፎም አይገባም፣ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። በቆርቆሮና ሙቀት በሚችል ማሸጊያ ብቻ ነው የሚዘጋው።

ኢንሱሌሽን የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ጋቢ ለብሶ ነፋስ ላይ የቆመ ሰው ጋቢው ወፍራም ቢሆንም ይበርደዋል፣ ነፋሱ በመሀሉ ያልፋላ። ፋይበርግላስ የሚባለው ኢንሱሌሽንም እንዲሁ ነው። አየር ካለፈበት አያሞቅም። በዚያ ላይ ኢንሱሌሽን አንዴ ከተነፋ ቀዳዳዎቹን ቀብሮ ይደብቃቸዋል። የኢንሱሌሽን አቅም የሚለካው አር ቫሊዩ በሚባል ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲበልጥ ሙቀት ማለፍ ይከብደዋል። ለአብዛኛው ቀዝቃዛ አካባቢ አቲክ ላይ የሚመከረው ከአር-49 እስከ አር-60 ነው። ከወረቀት የሚሠራው ሴሉሎስ በአንድ ኢንች 3.5 ያህል ስለሚሰጥ፣ አር-49 ማለት 14 ኢንች ገደማ ነው። የቆየ ቤት አቲክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምታገኙት የተጨፈለቀ አራት አምስት ኢንች ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አቲካችሁ ውስጥ ጠጠር የሚመስል፣ የሚያብረቀርቅ ግራጫ ወይም ወርቃማ ነገር ካያችሁ አትንኩት። ቨርሚኩላይት ሊሆን ይችላል፣ ካንሰር የሚያመጣው አስቤስቶስም ሊኖርበት ይችላል።

ኢነርጂ ስታር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የኃይል ቁጠባ ፕሮግራም እንደሚገምተው፣ ቀዳዳ የደፈነና አቲክ፣ ወለልና ቤዝመንት ላይ ኢንሱሌሽን የጨመረ ቤት ከማሞቂያና ከማቀዝቀዣ ወጪው በአማካይ 15 በመቶ ይቆጥባል። ለእኔ ግን ከቢሉ ይልቅ ምቾቱ ይበልጣል። ሰውነታችን አጠገቡ ላለ ቀዝቃዛ ግድግዳ ሙቀቱን ይሰጣል። አየሩ 72 ቢሆንም ግድግዳውና ወለሉ ከቀዘቀዙ ይበርደናል። ግድግዳው ሲሞቅና ነፋሱ ሲቆም ዝቅ ባለ ዲግሪም ይመቻል። ሚኒሶታ ላይ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ሞቃት አቲክ የጣሪያውን በረዶ ያቀልጠዋል፣ ውኃው የጣሪያው ጠርዝ ላይ ሲደርስ እንደገና ይረጋና ግድብ ይሠራል። ከዚያ ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ በኮርኒስ ይንጠባጠባል። አቲኩ ሲታሸግ ይህ በጣም ይቀንሳል።

መስኮትን በተመለከተ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። በር እያንኳኩ መስኮት የሚሸጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። መስኮት ከበሰበሰ ይቀየር። ደህና ከሆነ ግን በቢል ቁጠባ ብቻ ወጪውን ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ዳር ዳሩን ማሸግና ተጨማሪ የውጭ መስኮት መግጠም በትንሽ ወጪ ብዙ ይሠራል። የሞቀውን አየር የሚያዳርሱትን የቆርቆሮ ቱቦዎችም አትርሱ። በብዙ ቤቶች ከሚያልፈው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው መንገድ ላይ ይጠፋል። መጋጠሚያቸው የሚታሸገው ማስቲክ በሚባል ወፍራም ቅባት ነው፤ ግራጫው ዳክት ቴፕ ሲደርቅ ይላቀቃል። ሂተር መቀየር ካለበትም የሚቀየረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የታሸገ ቤት አነስ ያለ መሣሪያ ይበቃዋል። ሂት ፓምፕ (ቤቱን የሚያሞቅም የሚያቀዘቅዝም የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ለመግጠም የምታስቡም ብትሆኑ ነገሩ ያው ነው።

አሁን ደግሞ እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለይ የሚነካ ነገር አለ። ቤት ሲታሸግ ውስጡ የሚፈጠረውም አብሮ ይታሸጋል። ቡና ለማፍላትም ሆነ ዕጣን ለማጨስ ቤት ውስጥ ከሰል አታቀጣጥሉ። ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ይገድላል። ቤቱ ባይታሸግም አደገኛ ነው፣ ሲታሸግ ይብሳል። የኤሌክትሪክ ምድጃና የኤሌክትሪክ ዕጣን ማጨሻ አለ፤ የቡናው ወግ አይጎድልም። በየፎቁና መኝታ ቤት አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይኑር። የጋዝ ሂተርና የውኃ ማሞቂያም ሥራው ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ መፈተሽ አለባቸው። ቤቱ ሲጠብቅ ጭሳቸው ወደ ውስጥ ሊመለስ ይችላልና።

እንጀራ ስንጋግር የሚወጣው እንፋሎትም ቀላል አይደለም። መውጫ ካጣ ቀዝቃዛው መስኮትና የግድግዳው ማዕዘን ላይ ውኃ ይሆናል፣ ከዚያ ሻጋታ ይመጣል። ከምድጃው በላይ ያለው ፋን አየሩን እውነት ወደ ውጭ የሚያወጣ መሆኑን አረጋግጡ። ብዙዎቹ አጣርተናል ብለው እዚያው ይመልሱታል። የመታጠቢያ ቤቱ ፋንም አቲክ ውስጥ ሳይሆን ውጭ ድረስ መውጣት አለበት።

ማን ይከፍላል? የአሜሪካ ምክር ቤት በ1976 ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የዌዘራይዜሽን እርዳታ ፕሮግራም አቋቁሟል። መጀመሪያ ላይ ሥራው መስኮት በፕላስቲክ እንደ መሸፈን ያለ ጊዜያዊ ነገር ነበር። ዛሬ ቤቱ ተለክቶ ከላይ ከዘረዘርኩት ውስጥ ለቤቱ የሚያስፈልገው ይሠራል፣ በነፃ። ገቢያችሁ ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ 200 በመቶ ካልበለጠ፣ ወይም ኤስኤስአይ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ) የምትቀበሉ ከሆነ ማመልከት ትችላላችሁ። ተከራይም ይችላል፣ ግን አከራዩ መፍቀድ አለበት። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ይቀድማሉ። እናትና አባታችሁ ለብቻቸው የሚኖሩ ከሆነ ቅጹን እናንተ ሙሉላቸው።

ገቢያቸው ከዚያ በላይ የሆነ ደግሞ የመብራት ወይም የጋዝ ኩባንያቸውን ይጠይቁ። ብዙዎቹ የቤት ፍተሻውን በነፃ ወይም በቅናሽ ያደርጋሉ። ማሳቹሴትስ ውስጥ ማስ ሴቭ የሚባለው ፕሮግራም ፍተሻውን ያለ ክፍያ ይሠራል። ከፌዴራል ታክስ ላይ 30 በመቶ ይመለሳል የሚል ወሬ ከሰማችሁ ግን አሮጌ ነው። ለኢንሱሌሽንና ለመሰል ሥራ ይሰጥ የነበረው ቅናሽ በ2025 መጨረሻ አብቅቷል። ኮንትራክተር አሁንም በዚያ ሊያባብላችሁ ከሞከረ ሌላ ፈልጉ።

በነፃው ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ወረፋው ረጅም ሊሆን ስለሚችል ማመልከቻውን በጁላይና ኦገስት አስገቡ። የገቢ ማስረጃና የቅርብ ጊዜ የጋዝና የመብራት ቢል አዘጋጁ። ሥራው አልቆ ሠራተኞቹ ከመሄዳቸው በፊትም ብሎወር ዶሩ ከሥራው በፊትና በኋላ ያሳየውን ቁጥር፣ የካርቦን ሞኖክሳይዱን ፈተና ውጤትም በጽሑፍ ተቀበሏቸው።