የስበት ንድፈ ሐሳቦች በብርሃን ሲፈተኑ

ብርሃን መጠነ ቁስ የለውም፤ ሆኖም ከባድ አካል አጠገብ ሲያልፍ መንገዱ ይጎብጣል። የስበት ንድፈ ሐሳቦችን የሚለያቸው የጉብጠቱ መጠን ነው። የፀሐይን ጠርዝ ታክኮ የሚያልፍ ጨረር በኒውተን ስሌት 0.87 አርክ ሰከንድ፣ በአንስታይን ግን እጥፉን፣ 1.75 ይጎብጣል (አንድ አርክ ሰከንድ የዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው)። ትርፉ የሚመጣው ኅዋው ራሱ በመጉበጡ ነው። ይህ የኅዋ ድርሻ ጋማ በተባለ ቁጥር ይገለጻል፤ በአንስታይን ልክ 1 ሲሆን በብዙ ተፎካካሪዎች ፈቀቅ ይላል።

የመጀመሪያው ልኬት የተገኘው እ.ኤ.አ. ግንቦት 29 ቀን 1919 በሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ነው። በፀሐይ ዙሪያ ያሉትን ከዋክብት ፎቶ አንስቶ፣ ፀሐይ በሌለችበት ሌሊት ከተነሣው ምስላቸው ጋር ማነጻጸር ነው ዘዴው። ብራዚል ውስጥ ሶብራል ላይ ትንሹ ቴሌስኮፕ 1.98፣ በአፍሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ባለችው በፕሪንሲፔ ደሴት የእንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ የኤዲንግተን ቡድን 1.61 አገኙ። የሶብራሉ ሌላው ቴሌስኮፕ ግን 0.93 ሰጠ፤ ፎከሱ ተዛንፎ ነበርና ውጤቱ ዝቅተኛ ግምት ተሰጠው። ፎከስ ሲዛነፍ ምስሉ ይሰፋል ወይም ይጠብባል፤ ከዋክብቱም የተገፉ ይመስላሉ። ልዩነቱ፣ የፎከስ ስሕተት ከመሃል የራቀውን ኮከብ ይበልጥ ሲገፋ ስበት ለፀሐይ የቀረበውን መግፋቱ ነው። ስለዚህ በተለያየ ርቀት ያሉ ብዙ ከዋክብት የግድ ያስፈልጋሉ።

ዛሬ የሬዲዮ ሞገድ ከዚህ እጅግ ይልቃል። በፀሐይ አጠገብ የሚያልፍ ምልክት በስበቷ ይዘገያል፣ መዘግየቱም በጋማ ይወሰናል፤ ነገር ግን የፀሐይ ኮሮና (ውጫዊ ከባቢዋ) ፕላዝማም፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የተሞላ ጋዙ፣ ያዘገየዋል። የፕላዝማው መዘግየት በፍሪኩዌንሲው ካሬ ስለሚቀንስ፣ በበርካታ ፍሪኩዌንሲ ሲለካ ተለይቶ ይወጣል። በዚህ መንገድ የካሲኒ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2002 ያደረገችው ልኬት ጋማ ከ1 ቢርቅ እንኳ ከመቶ ሺህ ጥቂት ክፍል ብቻ መሆኑን አሳየ።

ነገሩ በዚህ አይዘጋም። አንዳንድ ንድፈ ሐሳቦች በአንስታይን ስበት ላይ ሌላ ኃይል ይጨምራሉ፤ ይህንንም ኃይል ቁስ በበዛበት አካባቢ ይሰውራሉ፤ በሥርዓተ ፀሐይ አንስታይንን መስለው በጋላክሲ ስፋት ይለያሉ። ስለዚህ የካሲኒ ጥራት ብቻውን አያስወግዳቸውም። እ.ኤ.አ. በ2018 ኢኤስኦ 325-ጂ004 በተባለ ጋላክሲ የከዋክብቱ ፍጥነት የሚያሳየው ቁስ፣ ከኋላው የሚመጣውን ብርሃን ከሚያጎብጠው ጋር ተነጻጽሮ ጋማ 0.97 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.09 ሆነ። ጥራቱ ከካሲኒ በሺዎች እጥፍ ያነሰ ቢሆንም ካሲኒ የማትደርስበትን ርቀት ይፈትናል።

ከሁሉ ጠንካራው ምት የመጣው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 2017 ነው። 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀው ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች (እጅግ የታመቁ የሞቱ ከዋክብት ቅሪቶች) ሲጋጩ የስበት ሞገዱ (በኅዋ የሚጓዝ የስበት ንዝረት) እና የጋማ ጨረሩ (ብርቱ የብርሃን ዓይነት፤ ከላይ ካለው ጋማ ቁጥር ጋር አይገናኝም) በ1.7 ሰከንድ ልዩነት ደረሱ። የጨረሩ መነሻ ትንሽ ዘግይቶ ሊሆን ቢችልም የሁለቱ ፍጥነት ልዩነት ከሚሊዮን ቢሊዮን (10^15) ጥቂት ክፍል አይበልጥም። የስበት ሞገድ ከብርሃን በተለየ ፍጥነት ይጓዛል ያሉ በርካታ ሞዴሎች በአንድ ቀን ወደቁ።