ኢሚዩኖትሮምቦሲስ ምንድን ነው?

ጣት ሲቆረጥ ደም ይፈሳል፤ ጥቂት ቆይቶ ይረጋል። ምንም ባልተቆረጠ የደም ሥር ውስጥ ደም ሲረጋ ግን ማን አስረጋው? አንዳንድ ጊዜ አስረጊዎቹ ከበሽታ ይከላከሉናል የምንላቸው ነጭ የደም ሴሎች ራሳቸው ናቸው። ተሕዋስያንን አፍኖ ለመያዝ ደም የሚያረጉበት ይህ ሂደት ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኢሚዩኖትሮምቦሲስ በሚል ስም ይታወቃል።

የደም ሥር ውስጡ በአንድ ረድፍ ሴሎች የተለበጠ ነው። ይህ ስስ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድና ፕሮስታሳይክሊን እያመነጨ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች፣ ፕሌትሌቶች፣ እንዳይጣበቁበት ያደርጋል። ኢንፌክሽን ሲደርስበት ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ ደብቆ ያቆየውን ቮን ዊለብራንድ የተባለ ረጅም ፕሮቲን ይለቅቃል፣ ፒ ሴሌክቲን የተባለውንም ወደ ገጹ ያወጣል። ፕሌትሌቱ በአንዱ፣ ነጭ የደም ሴሉ በሌላው ይያዛል። በፍጥነት ያልፍ የነበረው ሴል በግድግዳው ላይ መንከባለል ይጀምራል፤ ከዚያ ይቆማል።

ከቆሙት አንዱ ሞኖሳይት የተባለው ነጭ የደም ሴል ነው። እሱም ቲሹ ፋክተርን በላዩ ላይ ያወጣል። ቲሹ ፋክተር በወትሮው ከሽፋኑ በስተጀርባ ተቀምጦ፣ ሥሩ ሲቀደድ ብቻ ከደም ጋር የሚገናኝ የመርጋት ክብሪት ነው። ሞኖሳይቱ ክብሪቱን ወደ ውስጥ ይዞት ገባ፤ ቁስል ሳይኖር እሳቱ ተለኮሰ።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ኑትሮፊል የተባለው ሌላው ነጭ የደም ሴል ነው። የገዛ ዲኤንኤውን አውጥቶ እንደ መረብ ይዘረጋዋል፤ ይህንን በርሊን የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2004 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረጉ። በአንድ የሰው ሴል ውስጥ ተጠቅልሎ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል እንደሚረዝም ካሰብን፣ ከአንድ ሴል ስንት ክር እንደሚወጣ መገመት አያዳግትም። ባክቴሪያው ይጠመድበታል፤ ፕሌትሌቱና ቀይ የደም ሴሉም አብረው ይያዛሉ። በክሩ ላይ ያሉት ሂስቶኖች፣ ማለትም ዲኤንኤው የሚጠቀለልባቸው ፕሮቲኖች፣ ፕሌትሌቶችን ይቀሰቅሳሉ፣ ሽፋኑንም ያቆስላሉ፤ ኢላስቴዝ የተባለው ኢንዛይም ደግሞ የቲሹ ፋክተርን ልጓም ይቆራርጣል።

መከላከልና ማርጋት የቆየ ዝምድና አላቸው። የፈረስ ኮቴ የሚመስለው የባሕር እንስሳ፣ ሆርስሹ ክራብ፣ ሁለቱንም ሥራ የሚያሠራው በአንድ ዓይነት ሴል ነው፤ የባክቴሪያ መርዝ ሲነካው ደሙ ወዲያው ይረጋል።

ሂደቱ በጥቂት ቀጫጭን ሥሮች ሲወሰን ተሕዋስያኑ እንዳይዛመቱ ያግዳል። ልኩን ሲያልፍ፣ በጽኑ ኮቪድ-19 እንደታየው፣ የሳንባ ጥቃቅን ሥሮች ይደፈናሉ። ሴፕሲስ (ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ልኩን ያለፈ፣ አካልን የሚጎዳ ምላሽ) በያዘው ሰው መርጋቱ መላ ሰውነትን ካዳረሰ ፕሌትሌቶቹና አርጊ ፕሮቲኖቹ ያልቃሉ፤ ያን ጊዜ ደሙ የረጋበት ያው ሰው መድማት ይጀምራል።

ሕክምናውም ቀላል አይደለም። የረጋ ደም የሚያሟሙት የተለመዱ መድኃኒቶች የሚበጥሱት የረጋውን ደም አስተሳስሮ የሚይዘውን ፕሮቲን፣ ፋይብሪንን እንጂ የዲኤንኤውን ክር አይደለም። ክሩን የሚቆርጠው ዲኤንኤዝ የተባለው ኢንዛይም ነው። ከስትሮክ ሕሙማን የወጣ የረጋ ደም በላቦራቶሪ ሲፈተሽ፣ ሁለቱ በአንድነት ሲሰጡት ፈጥኖ ሟሙቷል።