ድረ ገጽ ለግንባታ ሙያ፦ ሥልጠናውና አሠራሩ

ለግንባታ ሙያ የሚሠራ ድረ ገጽ ግንበኛው፣ ፌራዮው (የፌሮ ብረት አሳሪው)፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ የጂፕሰምና የአልሙኒየም ባለሙያው ወይም ሥራ ተቋራጩ ማንነቱን፣ ፈቃዱን፣ የሠራውንና የሚሠራበትን አካባቢ ለደንበኛ የሚያሳይበት ገጽ ነው። ሥልጠናው ማቀድን፣ መሥራትንና ኢንተርኔት ላይ ማውጣትን ያካትታል። ሠልጣኙ አብዛኛውን የሥልጠና ጊዜውን የሚያሳልፈው ኮድ ሲጽፍ ነው፤ ገጹን ጠቃሚ ወይም ከንቱ የሚያደርገው ግን ዕቅዱ ነው። የግንባታ ሥራ ጠባዩ መሸፈን ስለሆነ ነው ይህ የሚሆነው። ፌሮው አርማታ ውስጥ ይቀበራል፣ የኤሌክትሪክ ቱቦው በልስን ይደፈናል፣ የውሃ መስመሩ ከሴራሚክ ሥር ይገባል። ደንበኛው መጨረሻ ላይ የሚያየው ቀለሙንና በሩን ብቻ ነው። ጥሩ ገጽ የተሸፈነውን ሥራ መልሶ ያሳያል፤ ለዚህ የሚሆነው ማስረጃ ደግሞ ከመሸፈኑ በፊት ካልተሰበሰበ በኋላ ከየትም አይመጣም።

ሥልጠናው የሚሰጥበት

በኢትዮጵያ የግንባታና የድረ ገጽ ሙያዎች ብዙ ጊዜ በአንድ ግቢ፣ በተለያየ ክፍል ይሰጣሉ። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ግንበኝነት፣ የቧንቧ ሥራና የኤሌክትሪክ ዝርጋታ በኮንስትራክሽን ዘርፍ ሲመደቡ፣ ድረ ገጽ ማበልጸግ በአይሲቲ ዘርፍ ከመረጃ ቋት አስተዳደር ጋር ይሄዳል። ሠልጣኙ ደረጃውን የሚያረጋግጠው በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና አልፎ ነው። የትብብር ሥልጠና የሚባለው አሠራር አብዛኛው ጊዜ በሥራ ቦታ በተግባር እንዲያልፍ ይጠይቃል። የአይሲቲ ሠልጣኝ ለተግባር ልምምድ ሲወጣ ግን የሚታሰበው ቢሮና ኮምፒውተር ነው። ሁለት ሳምንት ሳይት ላይ ቢውል ከየትኛውም የዲዛይን ኮርስ የበለጠ ይጠቅመው ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል።

ከኮሌጅ ውጭም መንገድ አለ። ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ መርሐ ግብር መሠረታዊ የፕሮግራሚንግ ኮርሶችን በነፃ በኢንተርኔት ይሰጣል። የግንባታ ባለሙያው ራሱ ኮድ መማር አይጠበቅበትም፤ ዎርድፕረስን የመሰለ ዝግጁ ሥርዓት ጽሑፍና ፎቶ ለማስገባት ይበቃዋል።

ዕቅድ

ዕቅድ የሚጀምረው ገጹን ማን ይከፍተዋል ከሚለው ጥያቄ ነው። ቤቱን ሊያድስ ያሰበ ሰው፣ ንዑስ ተቋራጭ የሚፈልግ ፎርማን፣ ለጨረታ ሰነድ የሚያገላብጥ መሐንዲስ እና ውጭ አገር ሆኖ አዲስ አበባ ቤት የሚያሠራ ሰው የሚፈልጉት አንድ አይደለም። በተለይ የመጨረሻው ሳይቱ ላይ መቆም ስለማይችል በዓይኑ የሚያይለት ገጹ ነው።

ገጹ ላይ ምን ዓይነት ፎቶ እንደሚወጣ በአንድ የኮለን (የአርማታ ምሰሶ) ሥራ ማስረዳት ይቻላል። የመጀመሪያው ፎቶ የሚነሳው ፌሮው ቆሞ፣ ስታፋው (ቋሚ ብረቶቹን ዙሪያውን የሚያስረው ቀጭን ብረት) ታስሮ፣ ፎርምወርኩ (አርማታው የሚሞላበት ቅርጽ) ሳይዘጋ ነው። ሜትር ከጎኑ ተዘርግቶ በስታፋዎቹ መካከል ያለው ርቀት ይነበባል፤ አርማታው ብረቱን በበቂ ውፍረት እንዲሸፍነው የሚታሰረው ስፔሰርም ይታያል። ሁለተኛው አርማታ ሲሞላ ቫይብሬተሩ (አርማታውን እያንቀጠቀጠ የሚያጠቀጥቀው መሣሪያ) ሥራ ላይ እያለ ነው። ሦስተኛው ፎርምወርኩ ሲፈታ፣ ጠጠሩ ሳይጋለጥና ፊቱ ሳይቦረቦር መውጣቱን ያሳያል። ከሥሩ የሚጻፈው መግለጫ አጭር ይሁን፦ ሰፈሩ፣ ዓመቱ፣ ከሥራው የትኛው የቡድኑ እንደሆነ። ሌላ ተቋራጭ ባቆመው ሕንፃ ላይ ልስን ብቻ የሠራ ቡድን የሕንፃውን ሙሉ ፎቶ ለጥፎ ዝም ካለ ውሸት ባይሆንም ማሳሳት ነው። ለባለሙያ ዓይን ደግሞ ሠራተኞቹ ያለ ሄልሜት መቆማቸው ከፌሮው በፊት ይታየዋል።

ፈቃድና ደረጃ በግልጽ መቀመጥ አለባቸው። ሥራ ተቋራጮች በደረጃ ይመደባሉ፤ ከፍተኛው ደረጃ 1 ነው። የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር። ምድብ ሐ የሕዝብ መገልገያዎችን፣ ፋብሪካዎችንና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ይይዝ ነበር። የሚሠራበትን ምድብ በአንድ መስመር ያሰፈረ ቡድን የማይመለከተውን ስልክ ይቀንሳል። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በጥቃቅንና አነስተኛ ያደራጃቸው የብሎኬት፣ የቧንቧና የብረት ሥራ ማኅበራት የዓመታት ልምድ አላቸው፤ ልምዳቸው ግን አብዛኛው በቃል የሚነገር ነው።

ዋጋ ከሁሉም ያስቸግራል። በሲሚንቶና በፌሮ መዋዠቅ ላይ፣ የውጭ ምንዛሬው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ሲደረግ የማጠናቀቂያ ዕቃዎች ዋጋም አብሮ ተንቀሳቀሰ። በገጽ ላይ የተተወ አሮጌ ዋጋ ደንበኛን ከማምጣት ይልቅ ጭቅጭቅ ያመጣል። ስለዚህ የእጅ ዋጋው ከነማቴሪያሉ ከሚባለው ተለይቶ፣ በካሬ ወይም በኪዩብ፣ ዋጋው የወጣበት ቀን ተጽፎ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ መካተት አለመካተቱ ተገልጾ ይቀመጣል። ይህን ማድረግ ያልፈለገ ፕሮፎርማ መጠየቂያ ቅጽ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል።

አሠራር

የድረ ገጽ መሠረት እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ አልተለወጠም። ኤችቲኤምኤል የይዘቱን አወቃቀር፣ ሲኤስኤስ መልኩን፣ ጃቫስክሪፕት እንቅስቃሴውን ይይዛሉ። አምስት ስድስት ገጽ ላለው የሙያተኛ ድረ ገጽ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይበቃሉ። ጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ስለሚመጣ ዲዛይኑ ከጠባቡ ስክሪን ይጀመራል። የስልክ ቁጥሩ ሲነካ የሚደውል ይሁን፤ መነሻው ዜሮ ወጥቶ በ+251 ከተጻፈ ከውጭ አገርም ይሠራል።

ክብደት ችላ የሚባል ጉዳይ ነው። ዛሬ አንድ የስልክ ፎቶ 4 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል፤ እንዲህ ያለ 20 ፎቶ ያለበት ገጽ ከጎብኚው የኢንተርኔት ጥቅል 80 ሜጋባይት ይበላል። ስፋቱ ወደ 1200 ፒክስል ወርዶ ሲጨመቅ አንዱ ፎቶ ወደ 200 ኪሎባይት ይወርዳል፣ ሃያዎቹ በድምሩ 4 ሜጋባይት። ፎቶው ውስጥ የተደበቀው የቦታ መረጃም አብሮ መጥፋት አለበት፤ የደንበኛን ቤት አድራሻ ለማያውቁት ሁሉ የሚሰጥ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛን ፈቃድ በጽሑፍ መያዝ ጥንቃቄ ነው።

የግዕዝ ፊደል የራሱ ጣጣ አለው። ፊደሉ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ኮድ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩኒኮድን በማይጠቀሙት የቆዩ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ የመተየቢያ ፕሮግራም ቅጂዎች የተተየበ የድርጅት ፕሮፋይል ወደ ገጹ ሲለጠፍ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣል፤ ወይ በመለወጫ ፕሮግራም ይቀየራል፣ ወይ እንደገና ይተየባል። ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ መቀመጥ፣ ቋንቋው አማርኛ መሆኑም በኮዱ መግለጽ ይኖርበታል። ፊደሎቻችን ሰፋፊ ስለሆኑ ለእንግሊዝኛ የተለካ ቁልፍ ውስጥ «ዋጋ ይጠይቁ» ተቆርጦ ይቀራል። በትንሽ መጠን በደማቁ ሲጻፉም ተጠጋግተው ይደበላለቃሉ። በመስመሮች መካከል ክፍተት ሲጨመር ንባቡ ይቀላል።

ፍለጋም በፊደል ይፈተናል። አንዱ «ሕንፃ»፣ ሌላው «ህንፃ»፣ ሦስተኛው «ህንጻ» ብሎ ይፈልጋል። ርእሱ ላይ አንደኛውን፣ በጽሑፉና በፎቶ መግለጫው ውስጥ ሌሎቹን መጠቀም ሰዋስው አክባሪን ያናድድ ይሆናል፣ ግን ይሠራል።

ኢንተርኔት ላይ ማውጣት

ለዚህ የዶሜን ስም (የገጹ አድራሻ)፣ ሰርቨር (ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር) እና የኤችቲቲፒኤስ ምስክር ወረቀት (ግንኙነቱን የሚጠብቅ) ያስፈልጋሉ። ሦስተኛው ሌትስ ኢንክሪፕት በሚባል ድርጅት በኩል በነፃ ይገኛል። የአገሪቱ መለያ ዶት ኢቲ የሚተዳደረው በኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ ዶት ኮም ደግሞ ከየትኛውም ሻጭ ይገዛል። ችግሩ ክፍያው ነው። የውጭ ሻጮች በዶላር ካርድ ስለሚያስከፍሉ ብዙ ሰው ውጭ ባለ ዘመዱ ካርድ ይገዛል፤ ዓመቱ ሲሞላ ዘመዱ ይረሳል፣ ገጹም ይዘጋል። በብር የሚያስከፍል የአገር ውስጥ አቅራቢ ዋጋው ቢወደድ እንኳ ለማደስ ይቀላል።

ብዙ ሙያተኛ ቴሌግራም ቻናልና ቲክቶክ ይበቃኛል ይላል። ቪዲዮ በማሳየት ረገድ ትክክል ነው። ነገር ግን የዛሬ ዓመት የተለጠፈው የሴራሚክ ሥራ ቻናሉ ውስጥ ቁልቁል ወርዶ ጠፍቷል፤ ጎግል ላይ «ሴራሚክ አንጣፊ» ብሎ የሚፈልገውም ሰው አይደርስበትም። ገጹ የቋሚ መዝገብ፣ ቻናሉ የዕለት ወሬ ቦታ ሆነው አንዱ ወደ ሌላው ቢመሩ ይበጃል። ጎግል ማፕስ ላይ የሚታየውን የንግድ መረጃ መሙላትም ለአነስተኛ ቡድን ከገጹ እኩል ይጠቅማል።

ውጭ አገር ለሚሠሩ ሐበሾች ገጹ የሕግ ሰነድም ነው። በካሊፎርኒያ ፈቃድ ያለው ተቋራጭ በማስታወቂያው ሁሉ፣ ድረ ገጹን ጨምሮ፣ የፈቃድ ቁጥሩን ማስፈር ግዴታው ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ከ1,000 ዶላር በታች የሆኑ ሥራዎችን ማስተዋወቅ የሚችለው ፈቃድ እንደሌለው በግልጽ ጽፎ ነው። በጀርመን ደግሞ ማንኛውም የንግድ ገጽ ኢምፕሬሱም የሚባለውን ክፍል፣ ማለትም የባለቤቱን ስም፣ አድራሻና መገናኛ፣ መያዝ አለበት። ይህ ከጎደለ የተፎካካሪ ጠበቃ ወጪውን ጭምር የሚጠይቅ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊልክ ይችላል።

በርክክቡ ቀን የሚነሳው ጥያቄ ዶሜኑ በማን ስም ተመዘገበ የሚለው ነው። ገጹን የሠራው ልጅ በራሱ ኢሜይል አስመዝግቦ ወደ ሌላ ሥራ ከሄደ ባለቤቱ ስልክ ቁጥሩን እንኳ መቀየር አይችልም። ስለዚህ ዶሜኑ በድርጅቱ ስምና ኢሜይል ይመዘገባል፣ የይለፍ ቃሎቹ ተጽፈው ከንግድ ፈቃዱ ጋር በአንድ ማኅደር ይቀመጣሉ።